የሼህ ይመር ዋስ

እኔ በተፈጥሮዬ ደስተኛ ሰው ነኝ። ሚስቴ ይህን ጠባዬን ግድየለሽነት ትለዋለች፤ በስሙ አንጣላም። ወልድያ ውስጥ ደስተኛ ለመሆን ብዙ ነገር አያስፈልግም። መብራት ካልጠፋ፣ ባጃጁ ትርፍ ሰው ጉልበቴ ላይ ካላስቀመጠ፣ ጎረቤቴም የተዋስኩትን መሰላል ካልጠየቀኝ፣ ለእኔ ቀኑ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን በኮምፒውተር ጦስ ሽማግሌ ፊት ይቆማል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እኔም አልጠረጠርኩም። ያልጠረጠረ ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

በአንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ጋዜጠኝነት አስተምራለሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ኮሌጁም የእኔን ስም ባይጠራ ደስ ይለዋል። አንድ ቀን የክፍል ኃላፊያችን መምህርት አዜብ ቢሮዋ ጠራችኝና ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ተማሪዎቹ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር እንዴት እንደሚሠሩ እንዳስተምር አዘዘችኝ። ለምን እኔ እንደተመረጥኩ ስጠይቃት፣ አዲስ አበባ ሄጄ ስልጠናውን የወሰድኩት እኔ መሆኔን አስታወሰችኝ። እውነት ነው፣ ሄጃለሁ። ከስልጠናው ትዝ የሚለኝ ግን የምሳው ጥብስና አንገታችን ላይ ያንጠለጠሉልን ባጅ ነው። ባጁ እስካሁን ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሎ እንግዳ ያነበዋል።

መቼም መምህር የማያውቀውን ማስተማር አያቅተውም። "አላውቅም" የምትለዋን ቃል ዲግሪያችንን ስንቀበል አስረክበናት ነው የወጣነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ ስልኬን ይዤ ሶፋ ላይ ተጋደምኩና ከማሽኑ ጋር ተዋወቅን። ወደድኩት። ምን የመሰለ ትሑት ነው! ምንም ብጠይቀው "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" ይለኛል። በሕይወቴ እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ፍጡር የለም፤ ሚስቴና መምህርት አዜብ ጥያቄዬን ሲሰሙ በረጅሙ ይተነፍሳሉ እንጂ አያመሰግኑኝም። እርግጥ ነው፣ አንዳንዴ "ውድ እህቴ" እያለ ይጽፍልኝ ነበር። በወዳጅ መካከል ይህ ምን ቁም ነገር አለው ብዬ አለፍኩት። ውሃ ሰውን እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ሲባል ስሰማ ያደግሁት በከንቱ ኖሯል።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። መብራት ነበረ፣ ፕሮጀክተሩም ሠራ፤ ይኼ ብቻውን ዜና ነው። ለማሳያ የሚሆነኝን ጽሑፍ ስፈልግ የሰዓዳን አነሳሁ። ሰዓዳ የመርሳ ልጅ ናት። ከክፍሉ ሁሉ ዝምተኛዋ እሷ ናት፤ ስትጽፍ ግን አንድ ቃል አታባክንም። የቤት ሥራዋ መርሳ አጠገብ በመስኖ ውሃ ስለተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ነበር። ሁለቱም ማንጎ አላቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ቦይ በተራ ያጠጣሉ። አንደኛው "ተራዬ ሳይሞላ ውሃውን ቆረጠብኝ" ይላል፤ ሌላኛው "ሞልቶ ነው" ይላል። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። አንደኛው ጋሽ ሰይድ የገዛ አባቷ ናቸው፤ ሌላኛው አቶ ካሳው ይባላሉ። ሰዓዳ አባቷ ስለሆኑ አላደላችም፤ ከሁለቱም ወገን ጠይቃ፣ ሁለቱም ያሉትን እኩል አስፍራለች። ጽሑፉን የዘጋችውም "ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ለማየት ለሐሙስ ቀጠሮ ይዘዋል" ብላ ነበር። አለቀ።

ይህ አጨራረስ ለእኔ ለአዋቂው አልጣመኝም። በአገራችን ቀጠሮ ምን ዜና ነው? ተማሪዎቹ ፊት ማሽኑን ከፈትኩና ጽሑፉን አሳምርልኝ፣ መጨረሻውም ልብ የሚነካ ይሁን አልኩት። ጥያቄዬ በጣም ጥሩ መሆኑን ከነገረኝ በኋላ ዓይናችን እያየ ዘረገፈው። ሁለቱ ጎረቤታሞች እንባ ተራጭተው፣ ይቅር ተባብለው፣ ከማንጎ ጥላ ሥር ተቃቅፈዋል። ሼህ ይመር የተባሉ ስመ ጥር የአገር ሽማግሌም ተነሥተው "ውሃ መንገዱን አይረሳም፤ ጎረቤትም ደጁን አይርሳ" ብለዋል። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም የጻፍኩት እኔ ይመስል እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ሰዓዳ ብቻ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ሼህ ይመር የሚባሉ ሰው እኮ አላናገርኩም" አለችኝ። "ገና አልታረቁምም።"

ለማሳያ ነው፣ በኋላ ይስተካከላል አልኳት። ይህች "በኋላ" የምትባል ቃል ስንት ሰው እንደጨረሰች ቤት ይቁጠረው። ምሳ ሰዓት ላይ መምህርት አዜብ መጥታ ስለ አዲሱ ትምህርት በኮሌጁ ገጽ ላይ የሚለጠፍ ነገር ካለኝ ስትጠይቀኝ፣ ሽሮዬ እንዳይቀዘቅዝብኝ ስል ያንኑ ያማረውን ላክሁላት። ከሥሩም፣ ልጅቷን ላክብራት ብዬ፣ "በሰዓዳ ሰይድ" ብዬ ጻፍኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የቸኮልኩት ለሽሮ ነው።

ሐሙስ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፤ ባለጉዳዮቹ ግን ቀሩ። ለካ በገበያ ቀን አንድ የማንጎ ነጋዴ ጽሑፉን ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ ለገበያተኛው አንብቦታል። ጋሽ ሰይድ ውሃ ቀማኝ በሚሉት ሰው አንገት ላይ ተጠምጥመው ማልቀሳቸውን ከገበያተኛው ጋር እኩል ሰሙ። አቶ ካሳውም እንደዚያው። ሁለቱም ወሬውን ያስወራብኝ ያኛው ነው ብለው ደመደሙ። ሽማግሌዎቹ ስንት ጊዜ ተመላልሰው ያለዘቡት ጠብ በአንድ አንቀጽ እንደገና ደረቀ።

የባሰው ደግሞ ከጽሑፉ ሥር ያለው ስም ነበር። ጋሽ ሰይድ ልጃቸው ዘንድ ደወሉና አባቷን በገበያ መሐል ያስለቀሰች ልጅ እንደሌለቻቸው ነገሯት። እውነት የጻፈች ከሆነም ያንን ሼህ ይመር የሚባለውን ሰው ይዛ ትምጣ፤ ያለዚያ ለአረፋ ደጃቸውን እንዳትረግጥ። አረፋ ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀረው። ወሎ ውስጥ ለአረፋ ሰው ከየትም ከየትም ቤቱ ይገባል፤ ያን ቀን ከወላጅ ቤት ተባርሮ መዋልን ለጠላትም አይመኙት። ሰዓዳ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ሻርፗን ብቻ ደጋግማ ታስተካክል ነበር። ያኔ እውነት እላችኋለሁ፣ ደስተኛነቴ ሁሉ ጥሎኝ ጠፋ። በማግሥቱ መምህርት አዜብ ጽሑፉን ከገጹ ላይ ብታነሳውም ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መርሳ በቃሏ ይዛዋለች።

አብሽሪ አልኳት፤ እኔ አለሁ። ሰው "እኔ አለሁ" ሲል ዕቅድ ያለው ይመስላል። የእኔ ዕቅድ ማሽኑን መልሶ መጠየቅ ነበር። ሼህ ይመር የት ነው ያሉት ብዬ ጻፍኩለት። ለተፈጠረው መጉላላት ከልቡ ይቅርታ ጠየቀኝና ሼሁ በአሁኑ ጊዜ ሐራ እንደሚኖሩ፣ በአካባቢው በጣም የተከበሩ እንደሆኑ ገለጸልኝ። እኔም አመንኩት! ዲግሪ አለኝ ብያችሁ ነበር አይደል?

ቅዳሜ ሐራ ወረድኩ። ገበያው ዳር ቆሜ ሼህ ይመርን ብዬ ስጠይቅ፣ ሰዎቹ መልሰው የትኛውን ይመር እንደምፈልግ ጠየቁኝ። በዚህ አገር ይመር የሌለበት ቤት የለም። አንዱን ይመር ከፍየሎቹ መሐል አስጠሩልኝ፣ ሌላኛው ገና ጎረምሳ ሆኖ ተገኘ፣ ሦስተኛውን ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብለው አገኘኋቸው። እኚህ ሽማግሌ ጉዳዬን በትዕግሥት ሰሙኝ። ንግግሩ ደግ ንግግር እንደሆነ፣ ነገር ግን እሳቸው እንዳላሉት፣ ብለውት ቢሆን ግን ደስ ይላቸው እንደነበር ነገሩኝ። ትንሽ አሰቡና ልጅቱን ከቤቷ የሚያስቀራት ይህ ከሆነ ግድ የለም፣ ብለዋል በል አሉኝ። የወሎ ሰው ደግነት እዚህ ድረስ ነው፤ ያልተናገረውን ያበድራችኋል። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

ወዲያው ሰዓዳ ዘንድ ደወልኩና ሼህ ይመር መገኘታቸውን አበሠርኳት።

"እውነት እሳቸው ናቸው?" አለችኝ።

ለመሆን ተስማምተዋል አልኳት።

"ቲቸር፣ አባቴ የተቆጣው እኮ ውሸት ስለመጣበት ነው" አለች። "አሁን ደግሞ ሌላ ውሸት ተሳፍሮ ይሂድለት?"

እኔ ነኝ መምህሩ፤ እሷ ናት ተማሪዋ። ሽማግሌውን አመስግኜ፣ መርቀውኝ፣ ወደ ወልድያ ተመለስኩ።

እሁድ ጠዋት ሁለታችን ወደ መርሳ ተሳፈርን። ሚኒባሱ ውስጥ እኛ ያልጀመርነው ወሬ ቀድሞ ጠበቀን። ሲሪንቃን እንዳለፍን አንዲት ሴትዮ ለጎናቸው ሰው ስለ መርሳው ዕርቅ ሲያወሩ ሰማሁ። ሼህ ይመር የአክስታቸው ባል እንደሆኑ፣ ድሮም አንደበታቸው ጣፋጭ እንደነበር ይናገራሉ። ከኋላ የተቀመጠ ሰውዬ ደግሞ ሼህ ይመር ከሞቱ ቆይተዋል ብሎ ተከራከራቸው። ሴትዮዋ ተናደዱ፤ ረዳቱ አስታረቃቸው። ሰዓዳ በመስኮት ታያለች። እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ፣ ያልተወለደ ሰው ሲሞት እየሰማሁ፣ መርሳ ደረስኩ።

ሽማግሌዎቹ ከቦዩ አጠገብ፣ ከማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። መሪያቸው ሼህ አራጋው የሚባሉ ናቸው። ከጎናቸው መቋሚያ የያዙ ቄስ አሉ፤ በዚያ አገር ዕርቅ እንዲህ ነው፣ ሁለቱም ምርቃት ካልገባበት አይጸናም። ጋሽ ሰይድ በአንድ ወገን፣ አቶ ካሳው በሌላው ወገን፣ ጀርባቸውን ሊሰጣጡ ምንም ሳይቀራቸው ተቀምጠዋል። ሰዓዳ ለአባቷ ሰላምታ አቀረበች። ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ከቦዩ ላይ አላነሱም።

ቆሜ እንድናገር ተፈቀደልኝ። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምንነት ከስልጠናው የማስታውሰውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ማለትም በጣም አጭር ንግግር ነበር። ሼህ አራጋው በጥሞና ሰምተውኝ ጢማቸውን ዳበሱ።

"ልጄ፣ እዚህ ሽማግሌ ፊት የሚናገር ሰው ዋስ ይጠራል" አሉኝ። "ቃሉ ቢታጠፍ የሚጠየቅለት ሰው። እንግዲህ ይኼ ያንተ ማሽን ተናግሯል። ዋሱ ማነው?"

ዋስ እንደሌለው ነገርኳቸው። ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኩ። ዘመድስ? የለውም። ቢዋሽ ምን ይቀርበታል? ምንም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ቄሱ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ቤትም ዘመድም ዋስም የሌለውን መንገደኛ እንኳን ምስክርነት ሊቀበሉት ለአንድ ቀን ከብት እንደማያስጠብቁት ተናገሩ።

ፊቴን ያላበኝ የመርሳ ሙቀት ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ። ከዚያ ሰዓዳን አየኋት፤ ሻርፗን ታስተካክላለች።

"ዋሱ እኔ ነኝ" አልኩ። "አሳምረው ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ እንዲለጠፍ የላክሁትም እኔ። ልጅቷ ገና አልታረቁም ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።"

ጋሽ ሰይድ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር አሉ። "አንቺ ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?" አሏት።

"ሽማግሌዎቹ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዘዋል" አለች። "የአንተንም፣ የጋሽ ካሳውንም ቃል እንዳላችሁት ነው ያሰፈርኩት።"

ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ወደ ቦዩ አልመለሱትም።

ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ፍርዴን ሰጡኝ። ያን ቀን ውሃው አቶ ካሳው ዘንድ ነው፤ ተራው ሲሞላ ወደ ጋሽ ሰይድ መዞር አለበት። ሁለቱ አይተማመኑምና የሚያዞረው ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ሼህ አራጋው ሁለቱንም እኩል የበደለ ሰው እያለ ከዚህ የበለጠ ገለልተኛ ከየት ይመጣል አሉና አካፋ አስያዙኝ።

አካፋ ይዤ አላውቅም። ለሽማግሌ ክብር ብዬ የሠርጌን ጫማ ተጫምቼ ነበር የመጣሁት። የቦዩ መዝጊያ ድንጋይ፣ ጭቃና ገለባ ነው፤ አንዱን ወገን ከፍቶ ሌላውን መድፈን ብቻ ነው ሥራው፣ የአገሩ ሰው እያወራ ይሠራዋል። እኔም ለማውራት ሞከርኩ። አንድ ጊዜ አካፋውን አነሳሁ፣ ሁለተኛ አነሳሁ፣ በሦስተኛው መከፈት ያለበትን ትቼ መነካት የሌለበትን የቦዩን ዳር ናድኩት። ውሃው በሁለቱም ማንጎ መሐል በእግረኛው መንገድ ወጣ። እኔም አብሬው ሄድኩ። አንድ እግሬ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበት ተቀረቀረ፣ ሌላው ወደ መርሳ ከተማ ጉዞ ጀመረ።

"ሰይድ፣ እጁን ያዘው" አሉ አቶ ካሳው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው እየዘለሉ።

"ይዤዋለሁ፤ አንተ ዳሩን ድፈን፣ ውሃው ሊያልቅ ነው" አሉ ጋሽ ሰይድ።

"በዚህ በኩል ድንጋይ አቀብለኝ እንጂ።"

"እንካ።"

ሽማግሌዎቹ ጸጥ አሉ። ሰዓዳም ጸጥ አለች። እኔ ብቻ ነበርኩ የምጮኸው። ሁለቱ ሰዎች ዳሩን ደፍነው፣ ውሃውን መልሰው፣ እኔን እንደ ካሮት ነቅለው ካወጡ በኋላ ነው የሠሩት ነገር የታወቃቸው። ጭቃ በጭቃ ሆነው ተያዩ። ከዚያ ወደ እኔ አዩ። መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ አቶ ካሳው ሳቃቸውን ሊይዙት ሞክረው በአፍንጫቸው አመለጣቸው። ሲስቁ አንዱ የሌላውን ትከሻ ተደግፎ ነበር።

ሼህ አራጋው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። ጊዜውን ያውቁታል። ቀስ ብለው ተነሡና፣ በዓይናቸው ጠርዝ እኔን እያዩ፣ "ውሃ መንገዱን አይረሳም፤ ጎረቤትም ደጁን አይርሳ" አሉ። ከዚያ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱም ባረኩ፣ አሚኑና አሜኑ ተቀላቀለ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ተቃቀፉ። እንባ ግን አልነበረም፤ ማሽኑ እዚህ ላይ አጋንኗል።

ልንሄድ ስንል ጋሽ ሰይድ ሰዓዳን ጠሯት። ጭቃ የነካ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ራሷን ሳሟት።

"ለአረፋ ነይ" አሏት። "መምህርሽንም ይዘሽ ነይ። አንድ ጫማው ቦዩ ውስጥ ቀርቷል፤ እስከዚያ ይገኛል፣ ኢንሻአላህ።"

ወደ ወልድያ በአንድ ጫማ ተመለስኩ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ አላውቅም። ረዳቱ እግሬን አይቶ ምን ሆነህ ነው ሲለኝ፣ ዋስ ሆኜ ነው አልኩት፤ ዋስ መሆን ባዶ እግር እንደሚያስቀር ያውቃል መሰለኝ፣ አልገረመውም።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ማሽኑ አልተባረረም። ልንሸኘው የሚገባ እንግዳ ሳይሆን ልንጠይቀው የሚገባ እንግዳ ነው። አንድ ተማሪ ከማሽኑ ያመጣውን ዓረፍተ ነገር ባነበበ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ "ዋስ ጥራ!" ይለዋል። ተማሪው ወይ የተናገረውን ሰው ደውሎ ያጣራል፣ ወይ ራሱ ዋስ ሆኖ ይቆማል፣ ወይ ዓረፍተ ነገሩን ያሰናብታል። ብዙዎቹ ተሰናብተዋል።

ሰዓዳ ዕርቁን እንደገና ጻፈችው፤ በዓይኗ ያየችውን፣ በጆሮዋ የሰማችውን፣ የእኔን ጫማ ጨምራ። ይለጠፍ ብዬ ለመምህርት አዜብ ላክሁላት። ብዙም ሳይቆይ ቢሮዋ አስጠራችኝ።

"ደገምከው?" አለችኝ፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ። "ይህ 'ውሃ መንገዱን አይረሳም' የሚለው ያ ማሽን የፈጠረው አይደለም እንዴ? ቃል በቃል እኮ ነው።"

አይ፣ አሁን እውነት ነው፣ ሰው ብሎታል አልኳት። አላመነችኝም፤ እኔም እሷን ብሆን አላምነኝም። ዋስ ልጥራ አልኩና እዚያው ሼህ አራጋው ዘንድ ደወልኩ፤ ድምፁንም ከፍ አደረግሁት። አዜብ በጨዋ ደንብ ሰላምታ አቅርባ፣ ይህን ንግግር በእርግጥ እሳቸው ተናግረውት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"አዎ፣ ብያለሁ" አሉ ሼህ አራጋው። "አገር ሰምቶኛል።"

አዜብ ለመተንፈስ እንኳ ጊዜ አላገኘችም።

"ግን የሰው ሐቅ አልበላም፣ ልጄ። እኔ የሰማሁት ከሼህ ይመር ነው። መምህሩ ያውቃቸዋል፤ ለአረፋ ሲመጣ ይዟቸው ይምጣ።"